የታንጉት ዋስ

ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ እጄን ይዞ መስቀሉ ላይ ያኖረውም የለም። ራሴ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ "ከእንግዲህ እጁን ቢያነሳባት እኔን ጠይቁኝ" ብዬ ለታናሽ ወንድሜ ለእንግዳው ዋስ ሆንኩ፤ ሚስቱ ታንጉትም የእኔን ቃል አምና ሸሽታ ወደ ወጣችበት ቤት ተመለሰች። ከዚያ እኔ አገር ጥዬ ሄድኩ። ስሄድ በምትኬ ሰው አልተካሁም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሲጻፍ እንዲህ አጭር ነው፣ ተሸክሞት ለሚዞር ግን አጭር አይደለም።

መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቅያለሁ፣ ብርሃኑ ግን በጎንና በጎኑ ሾልኮ ይገባል። ይህች ኡሜዮ የምትባል የስዊድን ከተማ በሰኔ ጨለማ የላትም፤ ፀሐይ ገባች ሲሏት ዞር ብላ ትመጣለች፣ ሥራ አድሬ ስገባም ያው ብርሃን፣ ልተኛ ስልም ያው ብርሃን። ሥራዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፤ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ መድኃኒት አቀብላለሁ። ገብቼ ጋደም ካልኩ ቆየሁ፣ ዓይኔ አልከደን ብሏል፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ደባርቅ አሁን ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከጽዱ ጥላ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ይደውሉልኛል፣ ስልኩንም ድምፁን ከፍ አድርገው መሀል ያኖሩታል፤ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፣ ዋስነትሽ እንደ ጸና ነው ወይስ ወርዷል? ወርዷል ካልኩ ባሏ ቃሉን አፍርሷል ማለት ነው፤ ታንጉት ልጇን ሲሲን ይዛ፣ ከእህሉም ከከብቱም ድርሻዋን ተካፍላ ትወጣለች። ጸንቷል ካልኩ፣ ወይም ዝም ካልኩ፣ ዋሷን ረግጣ የሄደች ሴት ትባላለች፤ ባዶ እጇን ትወጣለች፣ ሲሲም አባቷ ጋር ትቀራለች። ፍርድ ቤት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። እዚያም ቀርበው የሚመሰክሩት ግን እነዚሁ ከጽዱ ጥላ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የሚመሰክሩት ዋሱ ያለውን ነው።

ታንጉት እኛ ቤት የገባችው ለሚስትነት አልነበረም። ከጃናሞራ ናት፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ከሆነ መንደር፤ እህል በጠፋበት ዓመት አጎቷ ይዟት መጣና ለእናቴ ሰጣት። ሰጣት ነው የምለው፣ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፤ ትብላ፣ ትልበስ፣ ትሥራ ተብሎ። ልጅ ነበረች። እኔ ያኔ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ። እሷ ውኃ ትቀዳለች እኔ አነባለሁ፣ እሷ ገብስ ትፈጫለች እኔ አነባለሁ፣ ፈተና ሲደርስብኝ ኩራዙን ይዛልኝ ትቆማለች፣ እጇ እስኪዝል፣ እኔ አነባለሁ። አንገቷን አስግጋ መጽሐፌን እያየች "ምን ይላል፣ እትየ ሰብሌ?" ትለኛለች። "ላንቺ አይሆንም" እላታለሁ። ትስቃለች። ለመምህርነት ያበቃኝ ጭንቅላቴ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ያቺ ልጅ ባትኖር ውኃውን የምቀዳው እኔ እንደነበርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኋላ እንግዳው አገባት። እናቴ ደስ አላት፣ "ሠራተኛ ሆና ከምትሄድብኝ ምራት ሆና ትቅርልኝ" አለች። ድግስ ተደገሰ፣ ሰው በላ ጠጣ፣ በእሷ ወገን ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ አጎቷ መንገዱ ራቀኝ ብሎ ቀረ።

ዳባት ሳስተምር ነው ሸሽታ የመጣችብኝ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገብስ የሚወስድ አይሱዙ አሳፍሯት፣ ክንዷን በነጠላ አንግታ፣ ጫማ የላትም። አከራዬ እትዬ ዘቢደር በሩ ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና "ይቺ ደግሞ ከየት ወድቃ መጣች?" አሉ። "ከባሏ" አልኳቸው። "እንግዲያ ወደዚያው ትነሣ። እኔን ሟቹ በከዘራው ሲያነጥፈኝ ኖሮ ስቀብረው አልቅሼለታለሁ" ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ቅቤ ይዘው መጥተው ትከሻዋን አሹላት፣ ሲያሹላትም አንድ ቃል አልተነፈሱ። ታንጉት ሻይ አልጠጣም አለች። "እትየ፣ ፖሊስ ዘንድ ውሰጅኝ። የተማርሽ ነሽ፣ አንቺን ይሰሙሻል።" እኔ የትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች ክበብ ተጠሪ ነበርኩ። ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ፣ ሴትን መምታት ወንጀል ነው የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ ለክበቡ ከመጣው የተረፈ፤ ታንጉት ከሥሩ ተቀምጣ ነው ይህን የምትለኝ። "ወንድሜ ነው እኮ" አልኳት፣ "ገብሱ መስክ ላይ ነው፣ ቢታሰር ማን ይሰበስበዋል?" "እሱማ እኔው ነኝ የምሰበስበው" አለች። ቀልድ አልነበረም፣ እኔ ግን ሳቅሁ። ከዚያ ቀና ብላ ወረቀቱን አየች፣ የተሳለችውን ሴት አየች፣ "ምን ይላል?" አለችኝ፣ እንደ ልጅነቷ። "ስለ ንጽሕና ነው" አልኳት።

ፖሊስ ዘንድ ሳይሆን ደባርቅ ሽማግሌ ፊት ወሰድኳት። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እንግዳው ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፣ አጎንብሶ፣ እንደ ወጉ። የነፍስ አባታችን አባ መልከ ጼዴቅ ድንጋዩን አወረዱለትና "ዋስ ጥራ" አሉት። አንዱን ጠራ፤ ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። ሌላውን ጠራ። "እሱም ይመታል" አለች። አቶ ሻረው፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ ቀልድ ካላስገቡ የማይሆንላቸው ሰው፣ "ሚስቱን ያልመታ ዋስ ከፈለግሽማ ከሳንቃ በር ጭላዳ ዝንጀሮ እናስመጣልሽ" አሉ፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እንግዳውም አንገቱን እንደ ደፋ ሳቀ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀች። "እትየ ሰብሌ ከሆነች እመለሳለሁ" አለች። ሴት ዋስ ተሰምቶ ያውቃል ወይ ተባለ፣ የተማረች ናት ተባለ፣ አስተማሪ ናት፣ ይሁን ተባለ። በእኛ መንደር ዋስ ማለት ስም ብቻ አይደለም። ብቅ እያለ ያያል፤ ቃል ሲፈርስ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ሚስትም ዋሷ ሳይናገር ደጅ አትወጣም፣ ወደ ሌላ አቤት አትልም። ዋሱ ቢሞት ወይ ሩቅ አገር ቢሄድ ሰው ይተካል፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሰው እየሰማ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተነሣሁት። ስነሣ ልቤ ሞቆ ነበር፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፤ ፖሊሱ ቀረ፣ ወንድሜ ተረፈ፣ እሷም አመሰገነችኝ፣ ጉልበቴን ሳመች።

መጀመሪያ ላይ በየበዓሉ እሄድ ነበር። እንግዳው ከእርሻው ሌላ ቱሪስት ይዞ ሳንቃ በር የሚመላለስ በቅሎ ነጂ ነው፤ በቅሎዎቹን ሲያይ ፊቱ ይፈታል። አንዴ ጭነት ጥላ የደነበረችን በቅሎ አንገቷን አቅፎ ሲያባብላት አየሁና "አንተ እንዲህም ታውቃለህ?" አልኩት። "ፈረንጅ እንስሳ ሲመታ ካየ ሁለተኛ አያስጠራኝም፣ እታለም" አለኝ፤ ሳቅን። ታንጉት ከጓሮ ጎመን እየቀጠፈች ነበር፣ ቀና አላለችም። ሌላ ጊዜ ስሄድ መንጋጋዋ አብጧል። "ምን ሆነሽ ነው?" "ላሚቱ ወግታኝ።" ላሚቱ ጎዳ ናት፣ ቀንድ የላትም፤ ጥጃ ሳለች ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ታንጉትም እንደማውቃት ታውቃለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ላሚቱ የምትለኝ። እየጠየቀችኝ ነበር። "አይዞሽ፣ ቅቤ ቢጤ ቀቢው" አልኳት። እንግዳው ከውስጥ ሆኖ እህቴ መጣች፣ ጠላ ቅጂ እያለ ይጣራል።

የወጣሁት እዚህ የሚኖር ሰው አግብቼ ነው፤ ሰውየው አሁን አብሮኝ የለም፣ ያ የራሱ ታሪክ ነው። ቪዛው ሲመጣ ደባርቅ ወጥቼ እማየን ተሰናበትኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ፣ አባ መልከ ጼዴቅ ከሩቅ ሲያዩኝ በሌላው በር ወጣሁ። ምትክ ልጥራ ብል ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ከተሰበሰበ እስካሁን እንዴት ሰነበቱ ተብዬ እጠየቃለሁ፤ ከተጠየቅሁ ስለ ላሚቱ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ወንድሜን በገዛ አፌ አዋርጄ መሄድ አልፈለግሁም። ታንጉት ሻንጣዬን ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፣ ሲሲ ትንሽ ናት፣ ቀሚሷን ይዛ ትከተላለች። ሚኒባሱ ሲቆም ሻንጣውን አቀበለችኝና "ማንን ተካሽ፣ እትየ?" አለችኝ። ረዳቱ ግቡ ግቡ ይላል። "እደውላለሁ" አልኳት። ሚኒባሱ ሲነሳ ወደ ኋላ አልዞርኩም፣ አሁን ግን ይኸው፣ ጥቁር ጨርቅ በሰቀልኩበት ክፍል ሁልጊዜ ያንን መንገድ ዞሬ አያለሁ፣ ሁለቱ ቆመዋል፣ አቧራው ገና አልተኛም።

የደወለችው እሷ ናት። እሱ ሲመታት ወደ ሽማግሌ ትሄዳለች፣ ሽማግሌውም ዋስሽን ጥሪ ይላታል፣ ዋሷ ባሕር ማዶ ናት። በስልኳ ትደውልልኛለች። ባነሳሁት ቁጥር መጀመሪያ የጨርቅ ኮሽታ እሰማ ነበር፣ ከዚያ ድምጿ ይመጣል። አንድ ቀን ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው አልኳት። "ስልኩን ወደ ቀኝ ሳዛውረው ሻሼ ነው፣ እትየ። በግራው አልሰማም።" "ከመቼ ወዲህ?" "ከጥምቀት ማግስት።" "ታከምሽ?" "እትየ፣ እኔ እኮ ዋሴን ነው የጠራሁት፣ ሐኪም አልጠራሁም።" እነግረዋለሁ አልኳት። ነገርኩትም፤ ለእህቴ ከሰሰችኝ ብሎ እንደገና መታት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሰው አሮጊት ጀርባ እያጠብኩ ነው፣ ሳሙናው በእጄ ነው፣ ምን ላድርግ እላለሁ፣ እስኪያቆም ድረስም ቀስ ብዬ አጥባለሁ። እማየ ወድቃ ከተኛች ወዲህ እሷንም የሚያጥባት ሰው አለ። ታንጉት ናት። እኔ እዚህ የሰው እናት አጥቤ ደመወዝ እቀበላለሁ፣ እሷ እዚያ የእኔን እናት አጥባ የምትቀበለውን አሁን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ክረምት ማርጋሬታ የምትባል አሮጊት ክንድ ላይ ጥቁር ምልክት አየሁ፣ የጣት የሚመስል። የቤቱ ደንብ፣ ያየ ሰው ከሥራ ሳይወጣ ይናገር ነው። ልጇ ሊሆን ይችላል፣ ባልደረባዬም ሊሆን ይችላል፣ አላሰብኩበትም፤ ጓንቴን አውልቄ ሄጄ ለአለቃዬ ለካሪን ነገርኳት። ነርስ መጣች፣ ሌላ ሰው መጣ፣ ፎቶ አነሱ፣ ጠየቁ። ኋላ ሲጣራ ከአልጋ ከሚያነሳቸው ማሽን ማሰሪያ ነው ተባለ። አንድ ማሰሪያ ይህን ያህል ሰው አሰባሰበ። ካሪን ትከሻዬን ይዛ "ደፋር ነሽ" አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፣ ውኃውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ደፋር። ማርጋሬታን የያዛት እጅ የወንድሜ ቢሆን ኖሮ ላሚቱ ናት እል ነበር።

በዚህ ሳምንት ነው ያልታወቀ ቁጥር የደወለልኝ፤ ስላልታወቀ አነሳሁት። "ገዱ እባላለሁ፣ ደባርቅ ጠላ ሻጭ ነኝ፣ አታውቂኝም። የወንድምሽ ሚስት እኔ ጋር ናት። ፊቷን በፎጣ ይዛ ነው የመጣች። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይደውሉልሻል። ታነሺዋለሽ ወይስ እንደተለመደው?" አነሳለሁ አልኳት። "እናያለን" ብላ ዘጋችው። በነጋታው ወንድሜ እንግዳው ደወለ። "እታለም፣ ቤቴን እንዳታፈርሺብኝ። ጦርነት መጣ፣ ቱሪስት ቀረ፣ በቅሎው ቆሞ ይበላል፣ ሰው ይናደዳል። እሷ እኮ ባዶ እጇን የመጣች ናት፣ በእኛ እህል ያደገች፤ አሁን ከእማየ ቤት ልትካፈል?" እህሉን ማን አጭዶት ልል አፌ ላይ መጣ። አላልኩም። "እማየ እኔ ጋር ናት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አስቢበት።" ከዚያ ስልኩን ለእማየ ሰጣት። "እኔስ ስንቱን ችዬ አይደል ያሳደግኋችሁ? በአባትሽ ላይ ማን ዋስ ጠራልኝ?" አለች፣ ትንሽ አሳላትና ደግሞ፣ "ሰብሌ፣ እሷ ከሄደች ማን ያገላብጠኛል?" ማገላበጥ የማውቀው እኔ ነኝ፣ የማገላብጠው ግን እዚህ ነው።

ይጮሃል። ስልኩ ደረቴ ላይ ይጮሃል፣ ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ሰው የሚያየኝ ይመስል ነጠላ ፈልጌ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ። "ልጄ ሰብሌ፣ እንዴት አደርሽ?" አሉ አባ መልከ ጼዴቅ። "እግዚአብሔር ይመስገን አባ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?" "ይመስገን። እዚያ ነግቷል ወይስ መሽቷል?" "ብርሃን ነው አባ።" "የእነሱ መብራት አይጠፋም አሉ፣" አሉ አቶ ሻረው ከጎን፣ "የእኛ ባትሪ ግን ሊያልቅ ነውና ቶሎ በይልን።" ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ያው የዱሮው ነው፣ እሷ ከጭላዳው ቀልድ በኋላ እስኪያልቅ የጠበቀችው ሳቅ። ንፋሱ ይሰማል፣ ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። "እንግዲህ ልጄ፣ ዋሷ አንቺ ነሽ። ሁለቱም እዚህ አሉ። ዋስነትሽ እንደ ጸና ነው ወይስ ወርዷል?" ወርዷል ልል አፌን ከፈትኩ። እማየ ስትስል ሰማሁ። እዚያ፣ ከጽዱ ሥር፤ እንግዳው አውቆ ነው፣ አሸክሞ አምጥቷታል፣ ከስልኩ አጠገብ አስቀምጧታል። ያንን ሳል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ አለው። "አባቶቼ" አልኩ፣ "አባቶቼ፣ እኔ ሩቅ ነኝ... ሁለቱም ወገኖቼ ናቸው... ነገሩን አጣርቼ፣ ጊዜ ብትሰጡኝ..." ድምፄን ራሴ እየሰማሁት ነው፣ የተማረች ሴት ድምፅ፣ የተረጋጋ። ከዚያ የጨርቅ ኮሽታ ሰማሁ። ስልኩን ከመሀል አንስታዋለች። "ሰማሁሽ፣ እትየ" አለች ታንጉት። "በደህናው ጆሮዬ ነው የሰማሁሽ።" ተዘጋ።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ በዚህ ብርሃን ጊዜ አይታወቅም። ስደውል አባ መልከ ጼዴቅ እየተራመዱ ነበር፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። "አባ፣ ወርዷል" አልኳቸው። "ዋስነቴን አውርጃለሁ። ቃሉን አፍርሷል፣ ያፈረሰው እኔ ሳልሄድ ነው፣ ላሚቱ ቀንድ የላትም፣ አይቼ ነው ዝም ያልኩት።" ቆሙ። "ምነው ልጄ፣ ሰው ሳይበተን ብትዪው?" "አሁን ይሰብስቡልኝ።" "ማንን ብዬ? ታንጉት ወደ ጎንደር መኪና ተሳፈረች፣ ገዱ ናት የሸኘቻት። ዋስ ሰው ፊት ነው የሚወርደው፤ ለእኔ ለብቻዬ የነገርሽኝ ንስሐ ነው የሚሆን፣ ምስክር አይሆንም።" "ሲሲስ?" ከእግራቸው ሥር ጠጠር ይንኮሻኮሻል። "ልጅቱማ አባቷ ጋር ናት። አያቷን ማን ያጥባት?"

ታንጉት ጋ እደውላለሁ። አታነሳም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኋት አውቃለሁና አልፈርድባትም፤ ሳሙና በእጇ ይሆናል። ሲሲ ግን ዛሬ ውኃ ስትቀዳ ትውላለች፤ የማንበቢያ ዕድሜዋ ነው፣ ኩራዝ የሚይዝላትም የለም። ዋስነት ሰው ባለበት ካልሆነ አይወርድምና ሰው ያለበትን ቦታ ሳስብ ይህን የምታነቡት እናንተ መጣችሁብኝ። እናንተ ፊት እለዋለሁ። እኔ ሰብሌ ለወንድሜ ለእንግዳው የገባሁትን ዋስነት አውርጃለሁ፤ ታንጉት ዋሷን አልረገጠችም፣ ዋሷ ናት የረገጠቻት፣ ልጇም ድርሻዋም የእሷ ነው፤ የጠየቃችሁ ሰው ካለ እንዲህ ብላለች በሉልኝ። የእሷን ይቅርታ አልጠይቅም፣ ብትሰጠኝም የከበደኝን ሸክም በእሷ ላይ መጨመር ነው። እናንተን ግን እለምናለሁ፤ ይቅር በሉኝ።